ፀሐይ የበላችው የሌዘር ሶፋ፦ ባሕር ዳር ላለ ቤት የተጻፈ የጥገናና የጥበቃ መመሪያ

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ውስጥ አንድ ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። የቤቱ እናት ከሶፋው መደገፊያ ላይ ዳንቴሉን ገለጥ አደረጉና «ልጄ፣ ይሄ አበባ አበባ የመሰለ ቆሻሻ በምን ይለቃል? አጠብኩት፣ ፈገፈግኩት፣ እምቢ አለኝ» አሉኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። የዳንቴሉ ጥለት አንድም ሳይጎድል ሌዘሩ ላይ ታትሟል። ክሩ ያረፈበት ቦታ ጥቁር ቡናማ ነው፤ ቀዳዳው የነበረበት ወይቦ የደረቀ አፈር መስሏል። እሳቸው ቆሻሻ ያሉት ቡናማው የሶፋው የተፈጥሮ ቀለም ነበር። ንጹሕ የመሰላቸው ነው ፀሐይ የበላችው።

እንዲህ ያለ ቤት ደጋግሜ ስላጋጠመኝ ነው ይህን የምጽፈው። ሰው ሶፋው ሲገረጣበት ቶሎ የሚያስበው ቀለም ማስቀባት ነው። ተቀብቶ እዚያው መስኮት ሥር የሚመለስ ሶፋ ግን ገንዘቡንም ድካሙንም ይዞ ተመልሶ ይገረጣል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አደራ እላለሁ፤ መጀመሪያ መስኮቱ፣ ቀጥሎ ሶፋው።

የትኛው መስኮት ነው ሶፋዎን የሚጎዳው?

ባሕር ዳር የጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ ላይ ስለሆነች ሐይቁ ለአብዛኛው ቤት በሰሜን በኩል ነው። ሰው የሚፈራው ሐይቁን የሚያየውን መስኮት ነው፤ የውሃው ነጸብራቅ ዓይን ይወጋልና። ሶፋ የሚያገረጣው ግን ብዙውን ጊዜ ጀርባውን ለሐይቁ የሰጠው የደቡብ መስኮትና ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የምትገባበት የምዕራብ መስኮት ነው።

ምክንያቱን ልንገርዎ። ከተማችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11.6 ዲግሪ ላይ ናት። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ 12 እና ነሐሴ 17 አካባቢ፣ እኩለ ቀን ላይ ልክ አናታችን ላይ ትውላለች። በእነዚህ ሁለት ቀናት መካከል ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ ነገር ግን ከፍ እንዳለች ስለሆነ በሰሜን መስኮት የምትገባው ጥቂት ነው፣ ከሰኔ ወዲያ ደግሞ ደመናው ይጋርዳታል። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ሚያዝያ ግን መንገዷ በደቡብ በኩል ነው። ያ ጊዜ ደግሞ ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ የሚጠራበት ወቅት ነው። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ እኩለ ቀን ሲሆን እንኳ ከአድማስ በላይ 55 ዲግሪ ብቻ ነው ከፍታዋ። እንዲህ ዘንበል ስትል ነው ቤት ገብታ የምትቀመጠው።

ቤትዎን በሜትር መለካት ይችላሉ። የደቡብ መስኮትዎ የላይኛው ጠርዝ ከወለሉ ስንት ሜትር ላይ እንዳለ ይለኩና በ0.7 ያባዙት። ጠርዙ 2 ሜትር ላይ ከሆነ ታኅሣሥ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ እስከ 1.4 ሜትር ድረስ ወለሉ ላይ ትደርሳለች ማለት ነው። ያው ልክ ያለው የሰሜን መስኮት ሰኔ ላይ የሚያስገባው 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ እሱንም የግድግዳው ውፍረትና የጣሪያው ክፈፍ ያስቀሩታል። ምዕራብ ላይ ነገሩ ይከፋል። ታኅሣሥ ውስጥ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ፀሐይ 27 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ብላ ስለምትገኝ ከዚያው መስኮት የሚገባው ብርሃን ወደ 4 ሜትር የሚጠጋ ርቀት ድረስ ይዘልቃል። ብዙ ሳሎን ከዳር እስከ ዳር 4 ሜትር ነው።

ስሌት የማይወድ ሰው ጠመኔ ይውሰድ። አንድ የጠራ ቀን ይምረጡና ጠዋት 2 ሰዓት፣ 4 ሰዓት፣ ቀን 6 ሰዓት ተኩል፣ ከሰዓት 9 ሰዓትና 11 ሰዓት ላይ ወለሉ ላይ የወደቀውን ብርሃን ዙሪያውን ያስምሩ፤ ሰዓቱንም አጠገቡ ይጻፉ። 6 ሰዓት ተኩል ያልኩት ያለ ነገር አይደለም፤ እዚህ ፀሐይ መሀል ሰማይ ላይ የምትደርሰው ያን ጊዜ አካባቢ ነው። ከህዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ካሰመሩት የዓመቱን ከባዱን ገጽታ ያገኛሉ። ሶፋው ከመስመሮቹ ውጭ መቀመጥ ከቻለ ችግሩ ግማሽ በግማሽ ተፈታ፤ አንዳንዴ የሚያስፈልገው ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ማራቅ ብቻ ነው።

«መስኮቴ እኮ መስታወት አለው» የሚሉኝ አሉ። ተራ መስታወት ቆዳችንን የሚያቃጥለውን የአልትራቫዮሌት ቢ ጨረር ከሞላ ጎደል ያስቀራል፤ ረጅም ሞገድ ያለውን አልትራቫዮሌት ኤ ግን አብዛኛውን ያሳልፈዋል። የቀለም ሞለኪውሎችን ትስስር እየበጣጠሰ ቀለሙን የሚያሳጣው በዋናነት ይኸኛው ነው፤ በዓይን የሚታየው ብርሃንም ያግዘዋል። ሙቀቱ ደግሞ ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ሌዘሩ እንዲለሰልስ የጠጣውን ቅባት ቀስ በቀስ ያደርቀዋል። በዚህ ላይ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነች፤ አልትራቫዮሌት በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶና ከዚያ በላይ ይጨምራል። አየሩ ስለሚሞቅ ቆላ ያለን እየመሰለን እንዘናጋለን እንጂ ብርሃኑ የደጋ ብርሃን ነው።

መስኮቱን መግታት

ሶፋውን ማራቅ ካልተቻለ ብርሃኑን መግታት ነው። ስስ ሻሽ መጋረጃ ብቻውን ውበት ነው እንጂ ጥላ አይደለም። ከሻሹ ኋላ ገበር ያለው ወፍራም መጋረጃ ይስቀሉና ጠመኔው በነገረዎት ሰዓት ብቻ ይዝጉት፤ ቀኑን ሙሉ ጨለማ ውስጥ መቀመጥ አያስፈልግም። የደቡብ መስኮት ከሆነ ከላይ ክፈፍ ማውጣት በጣም ያዋጣል። 1.2 ሜትር ቁመት ላለው መስኮት 85 ሳንቲ ሜትር የወጣ ክፈፍ የታኅሣሥን የእኩለ ቀን ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ያስቀራል። ለምሥራቅና ለምዕራብ መስኮት ግን ክፈፍ አይረባም፤ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ነው የምትመጣው። እዚያ የሚሠራው ዛፍ ወይም ከውጭ የሚንጠለጠል ነገር ነው። በረንዳ ላይ ሰሌን ወይም የደንገል ምንጣፍ አንጠልጥለው ከሰዓት በኋላ የሚያወርዱ ሰዎች አይቻለሁ፤ ከብዙ ውድ መጋረጃ የተሻለ ሥራ ይሠራል፣ ሙቀቱንም ገና መስታወቱ ጋ ሳይደርስ ውጭ ያስቀረዋል።

መስታወት ላይ የሚለጠፍ ፊልምም አለ። ሲገዙ ጥቁረቱን አይዩ። አልትራቫዮሌትን የሚያስቀረው በውስጡ ያለው ማጣሪያ ነው፤ ነጭ መስታወት መስሎ 99 በመቶ የሚያጣራ አለ፣ ጥቁር ሆኖ እምብዛም የማያጣራም አለ። ሻጩን የአልትራቫዮሌት መጠኑን በቁጥር ይጠይቁት። ጥሩው እንኳ የሚታየውን ብርሃንና ሙቀቱን ሙሉ በሙሉ ስለማያስቀር መገርጣቱን ያዘገያል እንጂ አያቆምም።

ዳንቴልን በተመለከተ፦ ሶፋ ላይ ማልበስ ከፈለጉ ቀዳዳ የሌለው ይሁን፣ ወይም ከሥሩ ድፍን ጨርቅ ያንጥፉ። አለበለዚያ እንደ ሽምብጧ እናት ጥለቱን ያትምብዎታል። ቤት ዘግተው ወደ ገጠር ወይም ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ ደግሞ አሮጌ አንሶላ ወይም ቡሉኮ ከላይ ጣል ያድርጉ፤ ላስቲክ ግን በፍጹም አይሁን፣ እርጥበት አፍኖ ሻጋታ ያበቅላል።

የዘጌ ገዳማት መጻሕፍት ይህን ጉዳይ ሳስብ ሁሌ ትዝ ይሉኛል። ብራናው በእንጨትና በቆዳ ተለብጦ፣ እንደገና ከቆዳ በተሰፋ ማኅደር ገብቶ፣ በጨለማው ዕቃ ቤት ይሰቀላል። ከማኅደሩ የሚወጣው ሲነበብ ነው። ብርሃን የሚያየው በሰዓት ልክ ስለሆነ ነው ገበታው ላይ ያለው ቆዳ ለዘመናት ቀለሙን ይዞ የኖረው።

ሶፋው ምን ዓይነት ሌዘር ነው?

ይህን ሳይለዩ ምንም አይቀቡ። በመቀመጫው ዚፕ በኩል ይክፈቱና የሌዘሩን ጀርባ ይዩት። ጀርባው ጸጉራም፣ እንደ ከፋይ ቃጫ ቃጫ የሚል ከሆነ እውነተኛ ቆዳ ነው። የተሸመነ ጨርቅ ከታየዎት ሰው ሠራሽ ነው። መቀመጫውን ብቻ ሳይሆን ጎኑንና ኋላውንም ማየትዎን አይርሱ፤ ብዙ ሶፋ የሚቀመጡበትና የሚደገፉበት ቦታ እውነተኛ ሆኖ፣ ጎኑና ኋላው ሰው ሠራሽ ነው። ሁለቱ ሲሸጡ ቀለማቸው አንድ ነበር፤ ፀሐይ ላይ ግን እኩል አይገረጡም፣ ጎኑ ከፊቱ የተለየው ለዚህ ነው።

ሰው ሠራሹ ከተላጠ ቀለም አያድነውም። የሚላጠው ከጨርቁ ላይ የተጣበቀው ስስ ፕላስቲክ በሙቀትና በእርጥበት ስለሚበሰብስ ነው። የክረምት እርጥበት ከበጋ ሙቀት ጋር በሚፈራረቅበት ከተማ ውስጥ ይህ ቶሎ ይደርሳል። ገንዘብዎን ሶፋውን በአዲስ ለማልበስ ያስቀምጡ።

እውነተኛ ቆዳ ከሆነ በማይታይ ቦታ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ ያሳርፉና አንድ ደቂቃ ይጠብቁ። ጠብታው ክብ ሆኖ ከቆየ ከላይ የቀለም ሽፋን ያለው ሌዘር ነው፤ አብዛኛው የሳሎን ሶፋ ይህ ነው፣ ለጥገናም የሚመቸው እሱ ነው። ውሃውን ጠጥቶ ከጠቆረ ሽፋን የሌለው፣ ቀለሙ ውስጥ የሰረጸ ሌዘር ነው። እሱ ለስላሳና ውድ ቢሆንም ፀሐይ ላይ በጣም ደካማ ነው። ለዚህኛው ከታች የምገልጸውን የቀለም ሽፋን አይቀቡት፤ ተፈጥሮው ይጠፋል። ቀለም ያለው የሌዘር በለሳን በለስላሳ ጨርቅ እያሹ ቀብተው፣ አንድ ሰዓት ያህል አቆይተው ማወልወል ነው ያለው መንገድ። በጣም ከገረጣ ባለሙያ ይይዘው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከክረምት በኋላ ሌዘር ላይ የሚታይ ነጭ ነገር ሁሉ መገርጣት አይደለም። በደረቅ ጨርቅ ሲጠርጉት ከለቀቀ ሻጋታ ወይም ከሌዘሩ ውስጥ የወጣ ቅባት ነው። መገርጣት በጨርቅ አይጠረግም።

የማይደረጉ

ወላጆቼ ቤት የነበረው የመጀመሪያው ሶፋችን ሲደርቅብን እኔው ራሴ የኑግ ዘይት ቀባሁት። ለሦስት ቀን አዲስ መሰለ። ከዚያ ዘይቱ አየር ሲያገኝ እንደ ሙጫ እየሆነ መጣ፤ ስንቀመጥ ልብሳችን ላይ ይጣበቅ ጀመር፣ የመንገዱ አቧራ ሁሉ እዚያ ላይ ተለጠፈ። ያንን ለማስለቀቅ ቀለሙን የሚመልስ ሥራ ከሚጠይቀው በላይ ደከምኩ፤ ቅባት የጠጣ ቦታ ደግሞ ቀለም አልይዝ ብሎ እስከ መጨረሻው አስቸገረኝ። ቅቤም፣ የወይራ ዘይትም፣ ቫዝሊንም እንደዚያው ናቸው። የጫማ ቀለም ልብስ ላይ ይለቃል። በረኪና፣ ሎሚ፣ ኮምጣጤና የዱቄት ሳሙና ሌዘሩን ከውስጡ ያደርቁታል። የብረትና የእንጨት ቀለም ደግሞ ሲደርቅ ድርቅ ስለሚል በተቀመጡበት ቁጥር ይሰነጠቃል።

ጥገናው

የሚያስፈልጉት እነዚህ ናቸው፦ ውሃ ወለድ የሌዘር ቀለም፣ ለማስተካከያ ከዚያው ዓይነት ጥቂት አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ፣ ጥቁርና ነጭ፣ የራሱ የማሸጊያ ሽፋን (የሚያንጸባርቅ ሳይሆን ለዘብ ያለ)፣ ስንጥቅ ካለ የሌዘር መሙያ፣ የሕፃን ሻምፑ፣ 70 በመቶ አልኮል፣ 800 ወይም 1,000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ ደቃቅ ስፖንጅ፣ ነጭ የጥጥ ጨርቆች፣ ጓንት፣ የፀጉር ፎን፣ እንዲሁም ከፋርማሲ የሚገዛ መርፌ የሌለው 5 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ። ለአንድ ባለ 3 መቀመጫ ሶፋ ግማሽ ሊትር ያህል ቀለም ይበቃል። ቀለሙን ከሌላ ከተማ የሚያስመጡ ከሆነ ከሶፋው ሥር የተቆረጠች የጥፍር ያህል ቁራጭ ይላኩ፤ በስልክ የተነሳ ፎቶ ቀለሙን አሳስቶ ነው የሚያሳየው።

ጊዜው ከመስቀል በኋላ ያለው ደረቅ ወቅት ይሁን። በሐምሌና በነሐሴ እርጥበቱ የማድረቂያውን ጊዜ ያስረዝማል። ሥራውን የሚሠሩት ጠዋት፣ ነፋስና አቧራ ሳይነሳ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማትደርስበት ቦታ ነው።

1. ማጽዳት። ስፌቱና እጥፋቱ ውስጥ ያለውን አቧራ በለስላሳ ብሩሽ ያውጡ። በግማሽ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ የሕፃን ሻምፑ ይምቱና አረፋውን ብቻ በስፖንጅ አንስተው ያሹ። ወዲያው በተጨመቀ ንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ሌዘሩ መራስ የለበትም። ሌሊቱን ይደር።

2. ቅባት ማስለቀቅ። ቤታችን ውስጥ ዋናው የሥራ እንቅፋት ራስ የሚደገፍበት ቦታ ነው። ቅቤ የተቀባ ፀጉር ለዓመታት ሲደገፈው ሌዘሩ ቅባቱን ጠጥቶ ይጠቁራል፤ ሰው ያንን አይቶ ሌላው ብቻ የገረጣ ይመስለዋል። ነጭ ጨርቅ በአልኮል ያርጥቡና እየገለባበጡ በቀስታ ይጥረጉ። ጨርቁ ላይ ቢጫና ጥቁር ቅባት ይወጣል፤ የሶፋው ቀለምም ትንሽ ይወጣል፣ አይደንግጡ። ጨርቁ ከቅባቱ ይልቅ ቀለሙን ማንሳት ሲጀምር ግን ያቁሙ። ራስና ክንድ የሚያርፍበትን ቦታ ሁለት ሦስት ጊዜ በተለያየ ቀን ይድገሙት። መስኮቱን ይክፈቱ፤ ቡና እየተፈላ፣ ከሰል ባለበት ክፍል ይህን ሥራ አይሥሩ፣ አልኮል እሳት ይይዛል።

3. በብርጭቆ ወረቀት ማሸት። የሚቀቡትን ክፍል በብርጭቆ ወረቀቱ እጅዎን ሳይጫኑ ዳበስ ዳበስ ያድርጉ። ዓላማው አዲሱ ቀለም የሚይዝበት ሻካራነት መፍጠር እንጂ መላጥ አይደለም። ደቃቅ ስንጥቅ ካለ መሙያውን በፕላስቲክ ካርድ ጠርዝ በስሱ ይጫኑበት፤ ሲደርቅ ይድገሙ፣ ከዚያ ያለዝቡ። ዱቄቱን በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ።

4. ቀለም ማግኘት። እዚህ ላይ አይቸኩሉ። የተቀሩት ደረጃዎች የጉልበት ናቸው፤ ይሄኛው የዓይን ነው።

መጀመሪያ የትኛውን ቀለም እንደሚፈልጉ ይወስኑ። ሶፋው በሙሉ ከገረጣ በመቀመጫው ሥር ወይም በዚፑ እጥፋት ውስጥ ያለውን፣ ፀሐይ ያላየውን ቀለም ይያዙ። የገረጣው አንድ ወገን ብቻ ከሆነና የሚቀቡት እሱን ብቻ ከሆነ ግን ከእጥፋቱ ውስጥ ያለውን አይከተሉ። ጎረቤቱ ያለው ክፍልም በዓመታት ትንሽ ለዝቧልና አዲሱ ቀለም ከእሱ ጋር ነው መግጠም ያለበት። እኔ በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት የፋብሪካውን ቀለም በትክክል መልሼ፣ ሶፋው ላይ ግን እንደ ልጥፍ ታይቶብኝ እንደገና ቀብቻለሁ።

ለሶፋው በጣም ከሚቀርበው ቀለም 20 ሚሊ ሊትር በስሪንጁ ለክተው ነጭ ሰሃን ላይ ያፍስሱ። ቡናማው ቀላ ካለብዎ አንድ ጠብታ አረንጓዴ፣ ቢጫነቱ ከበዛ አንድ ጠብታ ወይን ጠጅ ያስተካክለዋል። ለማጥቆር ጥቁር ቀለም በጥርስ መፋቂያ ጫፍ ብቻ ይንኩ፤ ጥቁር ቶሎ ይገንናል፣ ከገነነ በኋላ አይመለስም። ነጭ ለማፍካት ሲጨመር ቀለሙን አቧራማ ያደርገዋልና ቆጥበው ይጠቀሙበት። የጨመሩትን ጠብታ ሁሉ ወረቀት ላይ ይጻፉ።

እርጥብ ቀለም አይፈረድበትም፣ ሲደርቅ ይለወጣል። ከሥር በማይታይ ቦታ የአውራ ጣት ያህል ይቀቡ፣ በፎን ያድርቁ፣ ከዚያ በደጅ ጥላ ሥር አምጥተው ያስተያዩ። ማታም በሳሎኑ አምፖል ይመልከቱት። ቀን ላይ ገጥሞ ማታ የሚለይ ቀለም አለ፤ ሳሎን ውስጥ ሰው የሚሰበሰበው ደግሞ ማታ ነው። ሁለቱንም ካለፈ በዚያው መጠን ለሙሉ ሶፋ የሚበቃውን በአንድ ጊዜ ይበጥብጡ። መሀል ላይ አልቆ ሁለተኛ ጊዜ የተበጠበጠ ቀለም ከመጀመሪያው ጋር አንድ ሆኖ አላየሁም።

5. መቀባት። ሁልጊዜ ከስፌት እስከ ስፌት ይቀቡ። የገረጣው መሀሉ ብቻ ቢሆንም እንኳ ክፍሉን በሙሉ ይጨርሱት፤ ዓይን ስፌት ላይ ያለ ልዩነትን ይተዋል፣ መሀል ላይ ያለውን ግን አይለቅም። ስፖንጁን ቀለሙ ውስጥ ነከር አድርገው ትርፉን ያራግፉና የመጀመሪያውን ዙር ሌዘሩ ውስጥ እንዲገባ እያሹ ይቀቡ። ይህ ዙር ዥንጉርጉር ሆኖ ያስፈራል፤ ይተዉት። በፎን ከ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት፣ ሳያቃጥሉ፣ እጅ ላይ የማይለቅ እስኪሆን ያድርቁ። የቀሩትን ዙሮች ስስ አድርገው፣ አንዱን በአግድም ሌላውን በቁም ይቀቡ። ከ3 እስከ 5 ዙር ይበቃል። ወፍራም አንድ ዙር ግን የቆዳውን ደቃቅ መስመር ሞልቶ ሌዘሩን ፕላስቲክ ያስመስለዋል። ስፌቱ ላይ ያለው ክር ቀለሙ የተለየ ከሆነ በየስፌቱ ላይ ሲደርሱ ትንሽ ብሩሽ ይጠቀሙ።

6. ማሸግ። ቀለሙ ብቻውን በልብስና በላብ ይለቃል። በማግስቱ የማሸጊያውን ሽፋን 2 ወይም 3 ዙር በስሱ ይቀቡ፤ በየመሀሉ ይድረቅ። ከመጨረሻው ዙር በኋላ ቢያንስ 24 ሰዓት ማንም አይቀመጥበት፤ 3 ቀን ቢታገሱ ይሻላል። እንግዳ ወይም በዓል ካለብዎት ሥራውን ከዚያ በፊት ሳምንት ቀደም ብለው ይጀምሩት፤ ገና ያልጠነከረ ሽፋን ላይ ሰው ተጨናንቆ ሲቀመጥበት እጥፋቱ ላይ ይጣበቃል። ለሁለት ሳምንት ያህል ምንም የማጽጃ ነገር አያስነኩት።

ከጥገናው በኋላ

በየሳምንቱ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ አቧራውን ማንሳት ይበቃል። ለሌዘር ተብሎ የተሠራ ክሬም በበጋው በየ3 ወሩ፣ ጥቅምት ላይ አንዴ፣ ጥር መጨረሻ ላይ አንዴ፣ ከሚያዝያው ሙቀት በኋላ አንዴ ይቀቡት። የአተር ፍሬ ያህል በጨርቅ ተቀብቶ ይሰራጫል፤ ሲበዛ ቅባቱ ላይ አቧራ ይይዛል። ክሬሙ ሌዘሩ እንዳይደርቅ ያደርጋል እንጂ የጠፋ ቀለም አይመልስም። «የፀሐይ መከላከያ አለው» የሚል ክሬም ቢገዙም መጋረጃውን ከመዝጋት አይስነፉ።

መቀመጫዎቹ የሚወጡ ከሆነ ወር በገባ በ1 ቀን ቦታቸውን ይለዋውጡ፤ የመስኮቱ ጎን ያለው ወደ ውስጥ፣ የውስጡ ወደ መስኮቱ። ረከቦቱና የከሰል ምድጃው ከሶፋው አንድ ሜትር ይራቁ፤ የምድጃ ሙቀት ቅርብ ከሆነ ሌዘሩን በእግሩ በኩል ድርቅ አድርጎ ይሰነጥቀዋል።

ሽምብጥ ያለውን ሶፋ በጥቅምት ጨረስነው። የዳንቴሉ አበባ ከመደገፊያው ላይ ጠፍቷል። እናት ዳንቴሉን ማልበስ አልተዉም፣ ከሥሩ ግን ድፍን ቡናማ ጨርቅ ሰፍተውለታል። የምዕራቡን መስኮት ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ የሚዘጋው የልጅ ልጃቸው ነው፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ «አያቴ፣ መጋረጃውን ዘጋሁ» እያለ ነው የሚገባው።

የተረፈውን ቀለም አይጣሉ። ክዳኑ ጥብቅ በሆነ የመስታወት ብልቃጥ ይሙሉት፣ ብርሃን በማያገኝበት ቁም ሳጥን ያስቀምጡት። ጠብታዎቹን የጻፉበትን ወረቀት ከቀኑ ጋር በፕላስተር ከሶፋው ሥር ይለጥፉ። አንድ ቀን ጥግ ላይ ሲላጥ ወይም ልጅ በእስክሪብቶ ሲሞነጫጭርበት እንደ አዲስ ከመፈለግ ሶፋውን ገልብጠው ያነቡታል።